ነጠላዬን አሸርጬ

እኔ ቁጭ ማለት አልወድም። ስቀመጥ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ምሳዬን የምበላው ቆሜ ነው፣ ቅዳሴ ላይ እንኳ ሦስት አራት ጊዜ ቦታ እቀያይራለሁ። እናቴ «ይቺን ልጅ መርፌ ላይ ነው የወለድኳት» ትል ነበር። አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስቱን የለቅሶ ቀን አግዳሚ ስደረድር፣ ውሃ ሳቀርብ፣ ድስት ሳወርድ ሰነበትኩና አንድ ጊዜ እንኳ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ሳላለቅስ ድንኳኑ ተነቀለ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጠንካራ ናት» አለ። ኧረ ምን ጠንካራ! መቀመጥ ስለማልችል ነው።

እግዜር ሲቀልድብኝ ደግሞ እንጀራዬን ወንበር ላይ አደረገው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የነዋሪነት መታወቂያ የምሰጠው እኔ ነኝ። ትንሽ መስኮት አለችኝ። ባለጉዳዩ ከውጭ ጎንበስ ይላል፣ እኔ ከውስጥ ፎርሙ ላይ ያለውን በተራ እጠይቀዋለሁ፤ ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የቤት ቁጥር። ስንት ዓመት ሙሉ ይኸንኑ ስጠይቅ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ሰውን ከውጭ ሊያስቀር እንደሚችል አስቤው አላውቅም ነበር።

ሐምሌ ላይ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከጽሕፈት ቤታችን ፊት ለፊት፣ ከተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚያድሩ አንዲት ሴትዮ መጥተው ተሰለፉ። መልካቸውን ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ። ድሮ የሰው ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ የደብረ ብርሃን ውሃና ብርድ ጣቶቻቸውን አጨማድዶ ሲያስቀራቸው ሥራው ቀረ፣ ሥራው ሲቀር ኪራዩ ቀረ፣ ኪራዩ ሲቀር በረንዳ ወጡ። ያን ዕለት ፀጉራቸውን ተበጥረው፣ ነጠላቸውን አጥበው ነበር የመጡት።

«የቤት ቁጥር?» አልኳቸው፣ ቀና ሳልል።

«የለኝም።»

«እንግዲያው መታወቂያ ልሰጥዎ አልችልም፣ እማማ። ፎርሙ አያልፍልኝም።»

«የማድርበትን ታውቂው የለ? ከመስኮትሽ ይታያል እኮ።»

«ቁጥር የለውማ!»

ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። እማማ ግን ንቅንቅ አላሉም። በተጨማደዱት ጣቶቻቸው የመስኮቱን ጠርዝ ያዙ።

«ስሚኝ ልጄ፤ ዳቦ አልጠየቅኩሽም። ብርድ ልብስም አልጠየቅኩሽም። ዕድር ልገባ ነው። መታወቂያ አምጪ አሉኝ። የሞትኩ ቀን ማዘጋጃ ቤት እንደ ውሻ እንዲያነሳኝ አልፈልግም። ሰው ሲሞትም ሄጄ ልቀመጥ እፈልጋለሁ። አሁን ለቅሶ ቤት ስሄድ ልትበላ መጣች ይሉኛል።»

ይኸን ብለው ሄዱ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተናደድኩት በሳቸው ነው። ሥራዬን እየሠራሁ ምን አደረግኩ? ቤት ገብቼ ግን እራቴን ቆሜም አልጨረስኩት። በነጋታውም፣ በሦስተኛውም ቀን ከመስኮቴ ማዶ በረንዳው ላይ ተጠቅልለው አየኋቸው። ብነሳ ይታዩኛል፣ ብቀመጥ ይታዩኛል። ወንበሬን አዞርኩት፣ ጀርባዬን ብርድ ብርድ አለው፣ መልሼ አዞርኩት።

በዚያው ሰሞን በየእሑዱ ውጭ አዳሪዎችን የሚመግቡ የሰፈራችን በጎ ፈቃደኞች ማስታወቂያ ይዘው መጡ። ለነዚህ ሰዎች መጠለያ ቤት ጀምረዋል፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣራው ቀርቷል። ውርጩ ሳይጠና ቆርቆሮ ለመምታት ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ማራቶን ይሮጣል። እያንዳንዱ ሯጭ ገንዘብ ለመስጠት ቃል የሚገቡለትን ሰዎች ያሰባስባል፤ ካልጨረሰ ግን ቃሉ ይፈርሳል። መንገዱ ሰላም የነበረበት ዓመት ነው።

ማስታወቂያው ላይ ማኅተም እየመታሁ ሳለ ከኋላዬ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ አነበበውና ሳቀ። «አንቺን ነበር መላክ፤ አንድ ቦታ አትረጊ!» አለ። እኔም ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን «ግን ምን ዋጋ አለው፣ ይችን ደረጃ ስትወጪ ታለከልኪያለሽ» አለኝ። ደሜ ፈላ! እስክሪብቶ ነጥቄው ማስታወቂያው ሥር ባለው መመዝገቢያ አናት ላይ ስሜን ጻፍኩ። ያስመዘገበኝ ጽድቅ አልነበረም፣ ንዴት ነው።

አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጫማ ከሰልባጅ ተራ ገዛሁ፤ የወንድ ጫማ ነው፣ አንድ ቁጥር ይሰፋኛል፣ ካልሲ ደረብኩበት። ሱሪው ችግር ሆነ። ከላይ እስከ ታች ተለጥፎብኝ መስተዋት ፊት ስቆም በስመ አብ አልኩ። የቀበሌ ሠራተኛ፣ የሰው ፊት የማውቅ፣ በዚህ እንዴት ልውጣ? ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሸረጥኩና ወጣሁ። አሁን ሳስበው ይገርመኛል። በኛ ዘንድ አንዲት ትልቅ ሴት ነጠላዋን አሸርጣ በማለዳ ስትሮጥ ከታየች ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም!

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መከራ ነበሩ። የሰፈር ሰው እንዳያየኝ ገና በጨለማ ነው የምወጣው፤ ጉሙ ውስጥ ውሻ ያባርረኛል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሞላ ጎኔን ይወጋኛል። በበረንዳው በኩል ሳልፍ እማማ ከካርቶናቸው ላይ ቀና ብለው መጀመሪያ ጫማዬን ያያሉ፣ ቀጥሎ ፊቴን። ለምን እንደምሮጥ ሰምተዋል። አመሰግናለሁ አላሉኝም፣ ደግሞም አላበረታቱኝም።

«ዛሬ ስንት?» ይሉኛል ስመለስ።

«ስምንት።»

«ያንሳል።»

በግድ ስቄ አልፋለሁ፤ በማግስቱ አሥር እሮጣለሁ።

መስከረም ላይ አንድ ቅዳሜ በአንኮበር መንገድ ረዘም አድርጌ ልሮጥ ገና ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። አንኮበር እናቴ ያለችበት ነው፤ ይኸን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ገበያ ቀን ስለሆነ በግ የሚነዳው፣ ገብስ የጫነው ሁሉ ወደ ከተማ እየገባ ነው። እኔ ብቻ ወደ ውጭ። ሁለት ጎረቤቶቼ ከፊት ለፊቴ መጡና «እቴ! ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ጮኹ። ትንፋሽ ከየት ይምጣ! በእጄ ወደ ፊት፣ ወደ አንኮበር አመለከትኳቸው። የደጋው ንፋስ ደግሞ ዓይኔን ያስለቅሰዋል፤ እንባዬ በጉንጬ ይወርዳል። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲይዙ አየሁ፤ ለሩጫዬ ያዘኑልኝ መስሎኝ አለፍኩ።

አራት ሰዓት ግድም ላቤን እያንጠባጠብኩ ወደ ሰፈር ስመለስ የዕድራችን ጡሩምባ ይጮሃል። ማን ሞተ ብዬ ፈጠንኩ፤ አግዳሚ የማወርደው እኔ ነኝና። ወደ ቅያሴ ስታጠፍ ድንኳን ይተከላል። የሚተከለው የኔ በር ላይ ነው።

ሴቶቹ ሲያዩኝ «እናቴን! እናቴን!» እያሉ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

«ማን ነው የሞተው?» አልኩ።

«ወይኔ፣ አልነገሯትም እንዴ!» አለች አንዷ፤ ልቅሶው ብሶ ቀለጠ።

ያኔ ገባኝ፣ የገባኝ መሰለኝ። ለእናቴ ስልክ ደወልኩ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ የእናቴ የራሷ ድምፅ መጣ። «ምን ፈለግሽ? ድንች እያስቆፈርኩ ነው!» አለች። ድንኳኑ በሙሉ እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።

«ምንድን ነው ያ ሁሉ ጩኸት? ማን ሞተ?» አለች።

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ።»

«እኔ? ማን ፈቅዶ!»

ሳቁ ሌላ ልቅሶ ሆነ። ያልሳቁት የዕድሩ ዳኛ ብቻ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፣ ቀልድ አይወዱም። «ዕድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን ተክለን አናውቅም። ነጠላ አሸርጦ መሮጥ ምን የሚሉት ነገር ነው?» ብለው ተቆጡኝ። እኔም ላቤ ሳይደርቅ፣ እናቴን ገድለው በመለሱልኝ ሰዎች ተናድጄ፣ ሁሉን ዘረገፍኩት። ስለ ቤቱ ነገርኳቸው፣ ስለ ጣራው፣ ስለ እማማ፣ መስኮቴ ላይ ስላሉኝ ነገር። ድንኳኑ አንዴ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተጥዷል፣ ሰው ተቀምጧል። ለቅሶው ስብሰባ ሆነና ያገኘሁት ሁሉ ቃል ገባልኝ።

«እማማንስ ትመዘግቧቸዋላችሁ?» አልኩ መጨረሻ ላይ።

ዳኛው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ደንቡ የቤት ቁጥር ይላል። ቤቱ ቆርቆሮውን ለብሶ ቁጥር ይውጣለት፣ በገዛ እጄ እመዘግባቸዋለሁ። አንቺ ግን ሙሉውን ትሮጫለሽ። ጋሪ ላይ ወጥተሽ ብትመጪ የገባነው ቃል ሁሉ ቀረ።»

ከዚያ ወዲያ ሩጫው የንዴት መሆኑ ቀረ። እማማን ዕድር ላስገባ ነው የምሮጠው። ጥቅምት ገባና ውርጩ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ ይሆናል፣ የባልዲው ውሃ ከላይ ይረጋል። በበረንዳው ሳልፍ ከላስቲኩ ሥር ሳል እሰማለሁ። መጀመሪያ ደረቅ ነበር፣ በኋላ ከሆዳቸው የሚወጣ ሆነ። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፣ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ «ብርድ እንዳይመታቸው» ተባልኩ። እቤቴ ይምጡ ብዬ ለመንኳቸው። «በእንግድነት የሰው ቤት አልሞትም» ብለው እምቢ አሉ። ግትር ናቸው! መንገድ ላይ ቆሜ ተጨቃጨቅኳቸው። ሲመሽ እንቅልፍ አጣሁ፣ ቢሮ ፎርም አበላሸሁ፣ ሰው ላይ ጮህኩ። ፍርሃቴ አንድ ነበር፤ ጣራው ሳይመታ እንዳይሞቱብኝ።

የሩጫው ዋዜማ እናቴ ዘንድ አደርኩ። ጠዋት እግሬን በቅቤ እያሸች «ምን አሳደደሽ? አባትሽ እንኳ በፈረስ ነበር የሚሄደው» ትለኛለች። አፏ ይቆጣል እንጂ እጇ አልተቆጣም። በር ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ አማተበችብኝ።

የአንኮበር መንገድ መጀመሪያውኑ ዳገት ነው። ገደሉ በስተኋላ ቀረ፣ አሊዩ አምባ ያለበት ቆላ ከታች ጭጋግ ውስጥ ነው፤ ዞሬ አላየሁትም። ወጣቶቹ ገና በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ጥለውኝ ጠፉ። ደጋው ሜዳ ላይ ስወጣ ንፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም እግሬ የኔ መሆኑ ቀረ፤ ሰፊው ጫማ ጥፍሬን ገልብጦታል፣ ካልሲዬ ረጥቧል። አንድ ጋሪ ከጎኔ ቀረበ። ዳኛው ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው።

«ጋሼ፣ ጥቂት ብቻ ልሳፈር? እስከዚያ ባሕር ዛፍ?» አልኳቸው፤ አላፈርኩም።

«ትችያለሽ። ሴትዮዋ ግን በረንዳቸው ላይ ይቀራሉ።»

ያን ጊዜ የተሳደብኩትን እዚህ አልጽፈውም። እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ ጋሪውን ከኔ እርምጃ ጋር እያስኬዱ እስከ ከተማ አብረውኝ መጡ።

መንገዱ አርባ ሁለት ሊሞላ ትንሽ ይጎድለዋልና አዘጋጆቹ ከተማ ውስጥ ሁለት ዙር ጨምረውበት ነበር። የገደለኝ ያ ዙር ነው። መጨረሻውን አየዋለሁ፣ የጨረሱት ሙዝ ሲበሉ አያለሁ፣ አልፌያቸው እሄዳለሁ። አንደኛውን ዙር ስጨርስ ቆምኩ። በቃኝ፣ አልኩ። ቀና ስል እማማ አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። ከበረንዳቸው ያን ያህል ርቀው አይቻቸው አላውቅም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ደጋግመው ሳሉና ጫማዬን አዩት።

«ስንት ቀረሽ?»

«አንድ ዙር።»

«በይ አትቁሚ።»

አልቆምኩም። ከኋላዬ ሁለት ሰው ብቻ ነበር የቀረው። ስጨርስ ዳኛው እጄን ጨብጠው «ሙሉ ነው» አሉ፤ የፈተና ወረቀት ሲያርሙም እንዲሁ ይሉ እንደነበር ተማሪዎቻቸው ነግረውኛል።

ጣራው በሁለት ሳምንት ተመታ። ቤቱ በር ላይ ቁጥር ተለጠፈ፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ ላይ በነጭ ቀለም። ሰኞ ጠዋት እማማ መስኮቴ ላይ መጡ፣ ፀጉራቸው ተበጥሯል። ስማቸውን ስለማውቀው ዝም ብዬ መሙላት ጀመርኩ።

«ጠይቂኝ እንጂ!» አሉ።

«አውቀዋለሁ እኮ፣ እማማ።»

«እንደዚያን ቀን ጠይቂኝ።»

«የቤት ቁጥር?» አልኩ። አሁን ግን ቀና ብዬ ነው። እሳቸውም የተሰለፈው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው ቁጥሩን ተናገሩ። ከሰዓት በኋላ ዳኛው በገዛ እጃቸው መዘገቧቸው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ያልደረሱበት ለቅሶ የለም። ሳሉም እየቀለለ ሄደ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። የእናቴ ጎረቤት ናት። «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል፤ ዛሬውኑ ብትመጪ» አለችኝ። በማለዳ ተደውሎ «ትንሽ አሟቸዋል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማን ይስተዋል? ነጠላዬን አሸረጥኩና ወጣሁ። የአንኮበር መኪና ከሚነሳበት እስክደርስ ባጃጅ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ሮጥኩ።

«እሰይ! ደግሞ ጀመርሽ?» አለኝ ባለሱቁ። ሁለቱ ጎረቤቶቼ፣ እነዚያው፣ ከበራቸው ሆነው አጨበጨቡልኝ። «በርቺ! አይዞሽ!» እናቴ ሞታለች ልላቸው ፈለግኩ፤ ትንፋሽ አልነበረኝም። በእጄ ወደ አንኮበር አመለከትኩ። እነሱም እየሳቁ እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

እማማ ከአዲሱ ቤት በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ እግሬን አዩ። በአንዱ እግሬ የቤት ነጠላ ጫማ አለ፣ ሌላው ባዶ ነው፤ የት እንደወደቀ አላውቅም። ብድግ አሉ።

«ቁሚ» አሉኝ።

ቆምኩ።

«እናትሽ ናቸው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። የራሳቸውን ላስቲክ ጫማ አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው በነዚያ በማይታጠፉ ጣቶች እግሬ ላይ አደረጉልኝ። ከዚያ በባዶ እግራቸው ወደ ጡሩምባ ነፊው ቤት አቀኑ።

እናቴን በዚያው ዕለት አንኮበር ቀበርናት። በማግስቱ ስመለስ በሬ ላይ ድንኳኑ ተተክሎ ሰው ሞልቶበታል። በኋላ እንደሰማሁት ጡሩምባ ነፊው «እንደ መስከረሙ ልታሳስቱኝ ነው» ብሎ እምቢ ብሎ ነበር። እማማ ናቸው «እኔ የዕድሩ አባል ነኝ፤ ንፋ ካልኩህ ንፋ!» ያሉት። የሩጫ ልምምድ ነው ብሎ የሳቀውን ሁሉ ቤት ለቤት ዞረው የጠሩት እሳቸው ናቸው።

እኔ እንደገባሁ አንድ አግዳሚ አነሳሁ። ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ሌላ አነሳሁ። ውሃ አልቋል ወይ፣ አልኩ። ሦስተኛውን ተሸክሜ ሳልፍ የነጠላዬን ጫፍ አንድ ሰው ያዘኝ። እማማ ከፊት፣ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጠዋል።

«አስቀምጪው» አሉኝ።

«እማማ፣ ሰው እየመጣ እኮ ነው።»

«እኛ አለን። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እግሬ እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እማማ የተጨማደደ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉና እስኪቆም ድረስ አላነሱትም። እናቴን አለቀስኳት። አባቴንም፣ ያን ሁሉ ዓመት አስቆይቼው፣ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩት።